ቀዩ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ለሃርድዌር ቪዲዮ ኢንኮደር የፒክስል ፎርማት አመራረጥ

አንድ የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ስሠራ የመሞከሪያ ምስሌ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ነበር። ዴስክቶፑ ላይ ከፈትኩት፣ ለ10 ሰከንድ ቀረጽኩና ፋይሉን አጫወትኩት። አረንጓዴው እንዳለ አለ። ቢጫው ግን ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ቀዩ ጭራሽ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ ደግሞ ቀይ። አረንጓዴው ሳይነካ መቅረቱ ነገሩን ወዲያው አሳወቀኝ። የቀይና የሰማያዊ ባይቶች ቦታ ተለዋውጠዋል። አረንጓዴ በሁለቱም አሰላለፍ መሃል ስለሚቀመጥ አይነካም።

ሼደሩ (ግራፊክስ ቺፑ ማለትም ጂፒዩው ላይ የሚሮጠው ትንሽ ኮድ) ውስጥ ገብቼ ሁለቱን አቀያየርኳቸውና ተስተካከለ። ደስ ብሎኝ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ። ከወራት በኋላ ፕሮግራሙ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ቀዩ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለካ ስህተቱ ከመጀመሪያውም ስክሪኑን በሲፒዩ በኩል በሚያነበው ኮዴ ውስጥ ነበር። እኔ ሼደሩ ላይ ያደረግኩት ሌላ ስህተት ጨምሬ የመጀመሪያውን መሸፈን ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፍሬሙ ሲፒዩ ጋ ሳይደርስ ከጂፒዩ በቀጥታ ወደ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን ወደሚጨምቀው ክፍል) ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ጠፋ፣ መሸፈኛው ብቻውን ቀረ።

ይህን የምጽፈው ለሃርድዌር ኢንኮደር የትኛውን ፎርማት ልስጠው እያለ ለሚያስብ ሰው ነው። ኤንቪዲያ ኤንቪኢንክ ይሁን፣ ኢንቴል ክዊክ ሲንክ፣ የሊኑክስ ቪኤኤፒአይ፣ የአፕል ቪዲዮቱልቦክስ ወይም የአንድሮይድ ሚዲያኮዴክ፣ ጥያቄው ያው ነው።

ስሙ ሌላ፣ ባይቱ ሌላ

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከስም ነው። የፒክስል ፎርማት፣ ማለትም የፒክስሉ ቀለሞች ሜሞሪ ላይ የሚቀመጡበት አሰላለፍ፣ የሚሰየመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባይቶቹ ሜሞሪ ላይ በተሰለፉበት ቅደም ተከተል ይጠራቸዋል። ቢጂአርኤ ሲል መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ አልፋ (የፒክስሉን ግልጽነት የሚናገረው ባይት) ነው። ሁለተኛው ፒክስሉን እንደ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ያየዋል፤ ከላይኛው ቢት ጀምሮ ወደ ታች ያነበዋል። ኤአርጂቢ ሲል አልፋ ከላይ፣ ሰማያዊ ከታች ነው።

አሁን የምንሠራባቸው ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሊትል ኤንዲያን ናቸው። የቁጥሩን የታችኛውን ባይት አስቀድመው ያስቀምጣሉ። እንግዲህ በቁጥር ኤአርጂቢ የተባለው ፒክስል ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አልፋ ሆኖ ይሰለፋል። ቢጂአርኤ ማለት ነው! ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ስሞች፣ ያው አራት ባይት።

በቁጥር እንየው። ድፍን ቀይ ፒክስል አለን እንበል። በቁጥር አሰያየም ኤአርጂቢ ከሆነ ከላይ ወደ ታች 255፣ 255፣ 0፣ 0 ነው። ሜሞሪውን ከፍታችሁ በተራ ስታነቡት ግን 0፣ 0፣ 255፣ 255 ታገኛላችሁ።

ማን በየትኛው መንገድ እንደሚሰይም ካወቃችሁ ግማሹ ችግር ተፈታ። ኤንቪኢንክ ኤአርጂቢ የሚለው በቁጥር ነው፤ ሜሞሪ ላይ ሰማያዊው ይቀድማል። የሊኑክስ ዲአርኤም (የማሳያ ሲስተሙ) ኤክስአርጂቢ8888 የሚለውም እንደዚያው በቁጥር ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ መሣሪያ ግን ቢጂአርኤ ወይም ቢጂአር0 ሲል በሜሞሪ ቅደም ተከተል ነው። የዊንዶውስ ዲኤክስጂአይ ቢ8ጂ8አር8ኤ8 ሲልም በሜሞሪ ነው፤ የዴስክቶፕ ዱፕሊኬሽን (የዊንዶውስ ስክሪን መቅረጫ) ፍሬም በተለምዶ የሚመጣው በዚሁ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ የተቀረጸ ቢ8ጂ8አር8ኤ8 ወደ ኤንቪኢንክ ሲሄድ "ኤአርጂቢ ነው" ተብሎ ነው መሰጠት ያለበት። ስሙ ስለሚመሳሰል "ኤቢጂአር" የሚለውን የመረጠ ሰው የእኔን ሰማያዊ ባንዲራ ያገኛል።

ከሁሉም የሚያደናግረው አንድሮይድ ነው። ጃቫ ውስጥ ያለው የቀለም ቁጥር አልፋው ከላይ፣ ሰማያዊው ከታች ነው። ኤአርጂቢ_8888 የተባለው ቢትማፕ ግን ሜሞሪ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አልፋ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ስም አንድ ፕላትፎርም ውስጥ ሁለት ነገር ነው። ሊብዋይዩቪ የተባለው የጉግል ላይብረሪ ደግሞ ኤአርጂቢ የሚለው ሜሞሪ ላይ ሰማያዊ የሚቀድመውን ነው። ስለዚህ ከኦፕንጂኤል ቀይ ቀድሞ የመጣ ፍሬም ካላችሁ ሊብዋይዩቪ ውስጥ የምትጠሩት ፈንክሽን የኤቢጂአሩን ነው። እኔ ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ኮዴ ውስጥ ከእያንዳንዱ የፎርማት ስም አጠገብ በኮመንት አራቱን ባይቶች በተራ እጽፋለሁ። ትንሽ ነገር ነው። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮዱን ለሚያነብ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ቢጂአርኤ በቀጥታ ልስጥ ወይስ ወደ ኤንቪ12 ልቀይር?

ዋናው ምርጫ ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

የቪዲዮ ኢንኮደር በመደበኛው የሚሠራው በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አይደለም። ብርሃንን ለብቻ፣ ቀለምን ለብቻ ባስቀመጠ ምስል ነው የሚሠራው። ብርሃኑ ዋይ ይባላል፣ ሁለቱ የቀለም ክፍሎች ዩ እና ቪ። ኤንቪ12 እንዲህ ያለ አንድ ፎርማት ነው። ቢጂአርኤ ስትሰጡት የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ሰው መቀየሩ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይቀይረው ነው።

ኤንቪኢንክና ቪዲዮቱልቦክስ ቢጂአርኤ ተቀብለው ራሳቸው ይቀይራሉ። ለእናንተ ኮዱ ያጥራል። በአንድ ምሽት ሠርታችሁ ታሳያላችሁ። ጉዳቱ የቀለም ስሌቱ ከእጃችሁ መውጣቱ ነው። ቀይን ወደ ዋይ፣ ዩ፣ ቪ የሚቀይር ቀመር አንድ ብቻ አይደለም። የድሮው ቴሌቪዥን ቢቲ 601 አለ፣ የኤችዲው ቢቲ 709 አለ። የቁጥሮቹ መጠንም ከ16 እስከ 235 ሊሆን ይችላል፣ ከ0 እስከ 255ም ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በአንዱ ቀይሮ ፋይሉ ላይ ሌላ ከተጻፈ አጫዋቹ በተሳሳተው ቀመር ይመልሰዋል። እንደ ባንዲራው ጮኾ አይታይም። ቀዩ ትንሽ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ የሰው ፊት ይገረጣል። ከባዱ እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ነው፤ ማንም ሳያስተውለው ወራት ያልፋሉ።

ኤንቪ12 ስትሰጡት ቀመሩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ ፋይሉ ላይ የምትጽፉትም እናንተ። ሌላው ጥቅም መጠኑ ነው። አንድ 1920 በ1080 የሆነ የቢጂአርኤ ፍሬም 8,294,400 ባይት ነው። ኤንቪ12 ሲሆን 3,110,400 ባይት። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሆን የመጀመሪያው ወደ 498 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው ወደ 187 ሜጋባይት ይጠጋል። 4ኬ ላይ ቢጂአርኤ በሰከንድ 2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ፍሬሙ ከሲፒዩ ሜሞሪ ተነስቶ ጂፒዩ ጋ የሚሄድ ከሆነ ይህ ልዩነት ይሰማል፤ በተለይ የግራፊክስ ሜሞሪውን ከሲፒዩው ጋር በሚጋራ ላፕቶፕ ላይ።

የእኔ አመራረጥ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፍሬሙ አሁን የት ነው ያለው ብዬ እጠይቃለሁ። ሲፒዩ ሜሞሪ ላይ ከሆነ እዚያው በሊብዋይዩቪ ወደ ኤንቪ12 ቀይሬ ትንሹን ነው የምልከው። ጂፒዩ ላይ ከሆነ በምንም ምክንያት ወደ ሲፒዩ አላወርደውም፤ በሼደር ወይም በጂፒዩው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ እዚያው እቀይረዋለሁ። ኢንቴል ላይ በሊኑክስ ቪኤኤፒአይ ከቢጂአርኤ ወደ ኤንቪ12 ራሱ መቀየር ይችላል። ፍሬሙን አውርዶ፣ በሲፒዩ ቀይሮ፣ እንደገና መስቀል ግን ሃርድዌር ኢንኮደር የተገዛበትን ምክንያት ማባከን ነው። ሲፒዩው ይግላል፣ ፍሬም ይዘለላል፣ ሰውም ኢንኮደሩን ይወቅሳል።

ቢጂአርኤ በቀጥታ የምሰጠው ፍሬሙ ጂፒዩ ላይ ሲሆንና ቅጂው ለራሴ ወይም ለቡድኔ ብቻ ሲሆን ነው። ሌላ ሰው የሚያየው፣ በተለይ የሰው ፊት ወይም የድርጅት አርማ ያለበት ከሆነ ኤንቪ12 ላይ አልደራደርም።

ኤንቪ12፣ አይ420፣ ኤንቪ21

ሦስቱም መጠናቸው እኩል ነው፤ ለአንድ ፒክስል 12 ቢት። የሚለያዩት በአቀማመጥ ብቻ ነው። አይ420 ዋይን ብቻውን፣ ከዚያ ዩን ብቻውን፣ ከዚያ ቪን ብቻውን ያስቀምጣል። ኤንቪ12 ዋይን ብቻውን አድርጎ ዩ እና ቪን ጎን ለጎን ያፈራርቃል። ኤንቪ21 እንደ ኤንቪ12 ሆኖ ቪ ይቀድማል። ዋይቪ12 የሚባልም አለ፤ እንደ አይ420 ሆኖ ቪው ከዩው ይቀድማል።

ለሃርድዌር ኤንቪ12 ምረጡ። አይ420 የሶፍትዌር ኢንኮደሮች ምግብ ነው። ለምሳሌ ኤክስ264 ይወደዋል፤ ሃርድዌሩ ግን ብዙ ጊዜ ተቀብሎ መልሶ ያፈራርቀዋል።

ኤንቪ21 የሚገጥማችሁ አንድሮይድ ላይ ነው። የድሮው የካሜራ ኤፒአይ በራሱ የሚሰጠው እሱን ነው። እንደ ኤንቪ12 ቆጥራችሁ ለኢንኮደር ከሰጣችሁት ሰዉ ሁሉ ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። አዲሱ ካሜራ2 ደግሞ ዋይዩቪ_420_888 ይሰጣል። ይሄ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አቀማመጡ እንደ ስልኩ ይለያያል። ዩ እና ቪ ተፈራርቀው ሊመጡ ይችላሉ፣ ተለያይተውም ሊመጡ ይችላሉ። ፒክስል ስትራይዱን (ከአንዱ ዋጋ እስከ ቀጣዩ ያለውን የባይት ርቀት) ሳታነቡ ኮፒ እንዳታደርጉ። 1 ከሆነ ተለያይተዋል፣ 2 ከሆነ በመሃላቸው ሌላ ባይት አለ።

እውነቱን ለመናገር አንድሮይድ ላይ ከዚህ ሁሉ የሚያድን መንገድ አለ። ከአንድሮይድ 4.3 ጀምሮ ሚዲያኮዴክ ሰርፌስ (ምስል በቀጥታ የሚሳልበት መቀበያ) ይቀበላል። ካሜራውን ወይም ኦፕንጂኤልን ከዚያ ሰርፌስ ጋር ታገናኙና ቀሪውን ስልኩ ራሱ ይጨርሰዋል። ባይት አትነኩም። ምስሉን ራሳችሁ ባይት በባይት ማየት ካልፈለጋችሁ በቀር ሌላ አትሞክሩ።

ምስሉ ከተንሻፈፈ

ቀለሙ ትክክል ሆኖ ምስሉ ወደ ጎን ከተንሻፈፈ ችግሩ የፎርማት ሳይሆን የስትራይድ (አንድ መስመር ሜሞሪ ላይ የሚይዘው ርዝመት) ነው። 1366 ፒክስል ስፋት ያለው ላፕቶፕ አስቡ። ጂፒዩው መስመሮቹ በክብ ቁጥር እንዲጀምሩ ስለሚፈልግ እያንዳንዱን መስመር ለምሳሌ 1408 አድርጎ ያስቀምጠዋል። እናንተ 1366 ብላችሁ ካነበባችሁ እያንዳንዱ መስመር ካለፈው 42 ፒክስል ይንሸራተታል። 1920 ስፋት ላይ የሞከረ ሰው ይህን አያየውም፤ 1920 ለ16፣ ለ64ና ለ128 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል።

ቁመት ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ኤች.264 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት ምስሉን በ16 በ16 ካሬ ስለሚከፍል 1080 መስመር ወደ 1088 ይሞላል። አንዳንድ ድራይቨር የቀለሙን ክፍል ከ1088ኛው መስመር በኋላ ነው የሚጀምረው። ከ1080 በኋላ ካነበባችሁ ቀለሙ ከምስሉ 16 መስመር ያህል ወደ ታች ወርዶ ይታያል፤ አናቱ ላይም አረንጓዴ ጥብጣብ ይመጣል። አረንጓዴ የሚሆነው ዩ እና ቪ ዜሮ ሲሆኑ ነው። የሆነ ቦታ ያልተጠበቀ አረንጓዴ ካያችሁ ባዶ ሜሞሪ እያነበባችሁ ነው።

8 ቢት ወይስ 10 ቢት?

እዚህ ጋ የባይት ቅደም ተከተል በሌላ መልክ ይመለሳል። እያንዳንዱ ዋጋ በ8 ቢት ፈንታ በ10 ቢት ሲያዝ ሃርድዌሩ የሚፈልገው ፒ010ን ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ባለ 10 ቢት 420 የሚለው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም እያንዳንዱን ዋጋ በሁለት ባይት ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱም ሊትል ኤንዲያን ናቸው። ግን ፒ010 አሥሩን ቢት ወደ ላይ ይገፋቸዋል፣ የሶፍትዌሩ ታች ያስቀምጣቸዋል።

ነጭን እንውሰድ። በ10 ቢት የነጭ ብርሃን 940 ነው። ሶፍትዌሩ ሜሞሪ ላይ 172፣ 3 ብሎ ይጽፈዋል። ፒ010 ግን 940ን በ64 አባዝቶ 0፣ 235 ብሎ ይጽፈዋል። የሶፍትዌሩን ባይት ፒ010 ነው ብላችሁ ለኢንኮደሩ ብትሰጡት 940ውን 14 ብሎ ያነበዋል፤ 14 ደግሞ ከጥቁርም በታች ነው። የቀለሙ መሃል 512ም 8 ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ ድንግዝግዝ ያለ አረንጓዴ ስክሪን ነው። ኢንኮደሩ አንድም የስህተት መልእክት አይሰጥም።

ኤችዲአር (ሰፊ የብርሃን ክልል ያለው ምስል) ከሆነ ምርጫ የላችሁም፣ 10 ቢት ነው። ዊንዶውስ ላይ የኤችዲአር ዴስክቶፕ በአር10ጂ10ቢ10ኤ2 ከመጣ ቀዩ ታችኞቹ አሥር ቢቶች ላይ ነው። ኤንቪኢንክ ውስጥ ጓደኛው ኤቢጂአር10 የሚባለው ነው። ስሞቹ አሁንም ተገልብጠዋል።

ምንጩ 8 ቢት ከሆነ እኔ ኤንቪ12 ላይ እቆያለሁ። ፒ010 ሜሞሪውን እጥፍ ያደርገዋል፤ አንድ ፍሬም 6,220,800 ባይት ይሆናል። ኤች.264 በ10 ቢት ደግሞ አብዛኛው ስልክ በሃርድዌር አይከፍተውም። 10 ቢት ከፈለጋችሁ ኤችኢቪሲን (ኤች.265ን) ምረጡ።

ጽሑፍ ለሚቀርጽ ሰው

4:2:0 ማለት አራት ፒክስሎች አንድ ቀለም ይጋራሉ ማለት ነው። ለፊልም ምንም አይደለም። ለስክሪን ግን ይታያል፤ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፊደላችን ሰን ከሱ፣ ለን ከሉ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ከሆነ ልዩነቱ በብርሃኑ ስለሚያዝ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቀይ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ሲሆን ግን የቀዩ ብርሃን በቢቲ 709 63 ብቻ ነው፣ ጥቁሩ 16። ልዩነቱን የተሸከመው ቀለሙ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ደብዝዟል። ቅጥያዋ ትጠፋለች።

መፍትሔው 4:4:4 (እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ቀለም የሚይዝበት) ይመስላል። ኤንቪኢንክ ይችለዋል። ነገር ግን ብዙ ስልክና ብራውዘር አይከፍተውም። ኤፍኤፍኤምፔግ ላይ ቢጂአርኤ አስገብቶ በኤክስ264 ፎርማት ሳይጠቅስ ኢንኮድ ያደረገ ሰው 4:4:4 ያገኛል፤ "ቪዲዮው ስልኬ ላይ አይከፈትም" የሚለውም ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለማስተማሪያ ቪዲዮ ኤንቪ12 ላይ ቆዩና ጽሑፉን አሳድጉት፣ ቀለሙንም ፈካ ያለ ምረጡ። 4:4:4ን ማጫወቻውን ራሳችሁ ለምትቆጣጠሩበት፣ እንደ ሪሞት ዴስክቶፕ ላለ ሥራ ተዉት።

የቀይ ካሬ ፈተና

የትኛውንም ብትመርጡ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ድፍን ቀይ ምስል በሙሉ መንገዱ አሳልፉና ኢንኮደሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለውን ፍሬም ወደ ፋይል ጻፉት። ጥቁርና ነጭ አይሆንም፤ ቀይና ሰማያዊ ቢቀያየሩም ነጭ ያው ነጭ ነው። ቀይ ግን ሁሉንም ያጋልጣል።

ቢጂአርኤ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች 0፣ 0፣ 255፣ 255 መሆን አለባቸው። 255፣ 0፣ 0፣ 255 ካያችሁ አርጂቢኤ ነው።

ኤንቪ12 በቢቲ 709 ከሆነ ዋይው 63 ነው፤ ቀለሙ ክፍል ላይ 102፣ 240 እየተፈራረቀ ይሄዳል። 240 ከቀደመ ኤንቪ21 ነው። 81፣ 90፣ 240 ካገኛችሁ ቀመሩ ቢቲ 601 ነው። 54፣ 99፣ 255 ከሆነ ቢቲ 709 ነው፤ ግን መጠኑ ከ0 እስከ 255 ነው። አንድ ወዲህ ወይም ወዲያ ማለቱ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው፣ አያሳስባችሁ።

ቀይሮ የሚሰጣችሁ ድራይቨሩ ከሆነ ከኢንኮደሩ በፊት የምታዩት ነገር የለም። ያኔ የተቀረጸውን ፋይል መልሳችሁ ወደ ጥሬ ፍሬም ፍቱትና ያንኑ ቁጥር ፈልጉ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቢቲ 709 ሆኖ ዋይው 81 አካባቢ ከሆነ ድራይቨሩና ጽሑፉ አልተስማሙም።

እኔ ያንን የባንዲራ ኮድ ያስተካከልኩት በዚህ ነው። ከስክሪን ንባቡ በኋላ አንዴ፣ ከሼደሩ በኋላ አንዴ ቀይ ካሬውን አነበብኩ። የመጀመሪያው ላይ 255፣ 0፣ 0፣ 255 ነበር፤ መሆን የነበረበት ግን 0፣ 0፣ 255፣ 255 ነው። ሁለቱንም ማቀያየሪያዎች አጠፋኋቸው። አሁን ኮዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊን የሚያቀያይር አንድም መስመር የለም፤ ፈተናው ደግሞ ፕሮግራሙ አዲስ ማሽን ላይ ሲጫን ከሁሉም ነገር በፊት ይሮጣል።